ገዥው ለሽምግልና የመጡ ዕለት

ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን
ግንቦት 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ኃይሌ፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አልጠፋኝም። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ቁጭ ስል ግን ደህና ልሁን አልሁን ራሴም አላውቅ አልኩ። አልታመምኩም። ሥራዬም እንዳለ ነው፤ ፓርክ ሮያልን ታውቀዋለህ፣ ሳንድዊች ስንጠቀልል ውለን ስንወጣ የሽንኩርቱ ሽታ አውቶቡስ ላይ ከአጠገባችን ሰው ያስነሳል። ዲናም ደህና ናት። ብቻ ግራ ገብቶኛል፤ በሳቅና በእንባ መካከል ተንጠልጥዬ ነው የሰነበትኩት። ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተም እስክጨርስ አትቆጣ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ የምትቆጣበትንም ቦታ አውቀዋለሁ።

ልጅህ ተጠየቀች።

አዎ፣ ያቺ ሄትሮው ላይ ስትሸኝህ ሻንጣህ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ያለችህ ዲና። አሁን ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች ለመጨረሻው ፈተናዋ ታጠናለች። ልጁ ባርኮት ይባላል፤ የአልታየሽ ልጅ ነው። አልታየሽን ታስታውሳታለህ፤ ለማርያም ማኅበር ሁልጊዜ ትልቁን ዳቦ የምትጋግረው፣ ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍነው። ባርኮት እዚሁ ተወልዶ ኢንጂነር ሆኗል፤ የባቡር ሐዲድ ነገር ነው የሚሠራው። አማርኛው እንደኛዋ ነው፤ ሁሉን ይሰማል፣ ሲመልስ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል። ጨዋ ልጅ ነው። ለካ ከተዋወቁ ቆይተዋል፤ እኔ ሞኟ «ላይብረሪ ነኝ» ስትለኝ አምኜ እራቷን በሳህን ከድኜ እጠብቃታለሁ!

«ታዲያ ምኑ ያስቆጣኛል?» አልክ አይደል? ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ባርኮት «በወጉ ነው የምጠይቀው» ብሎ እናቱን ያስጨንቃታል። እሷም «እንግዲያው ሽማግሌ ፈልግ፤ ዕድሜ የጠገቡ፣ የታፈሩ፣ አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያውቁ ይሁኑ» ትለዋለች። በል እንግዲህ ለንደን ውስጥ ፈልግ! አባቱ የለ፤ አያቶቹን የሚያውቃቸው በፎቶ ነው። አንደኛው ጋሽ ዘውዴ ሆኑ፤ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት። ሦስት ሽማግሌ ከየትም ስለማይገኝ ሁለት ይበቃል ተባለ። ሁለተኛውን ልጁ ራሱ፣ እናቱን እንኳ ሳያማክር፣ ሄዶ ለመነ። የለመነው ሰር ሊዮናርድን ነው።

ሰር ሊዮናርድ አልታየሽ ለዘመናት የምትጦራቸው ፈረንጅ ናቸው። ባርኮት ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ሥራ ስለምትሆን እሳቸው ቤት ነው የቤት ሥራውን እየሠራ ያደገው። ሒሳብ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። አሁን ዘጠናን አልፈዋል። እና እኚህ ሰው በዘመናቸው፣ እንግዲህ ጥርስህን ንከስ፣ አፍሪካ ውስጥ የአንድ አገር ገዥ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ስታስተምር ስማቸው ሲነሳ ጠመኔ የምትሰብርባቸው ዓይነት፣ ባለ ላባ ባርኔጣ፣ ቅኝ ገዥ። የመጨረሻው። ባንዲራውን አስወርደው፣ ቤተ መንግሥቱን አስረክበው የመጡት እሳቸው ናቸው። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ስሟን ቀይራለች፤ እሳቸው በድሮው ይጠሯታል፣ አልታየሽ ደግሞ በአዲሱ፤ እኔ ለረጅም ጊዜ ሁለት አገር የገዙ ይመስለኝ ነበር።

ስሜን እየጠራህ ወንበር ስትገፋ ይታየኛል። «ቅኝ ገዥ? ልጄን? እኔ ቤት?» ቆይ፣ ገና ነው።

ጋሽ ዘውዴ ደውለው «ልንመጣ ነው» ሲሉኝ ከሁሉ አስቀድሜ የደወልኩት ላንተ ነው። ሴት አነሳች። «ተኝቷል፣ ልቀስቅሰው?» አለችኝ። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኩና «ይተኛ፣ አትቀስቅሽው» ብዬ ዘጋሁት። እዚያም ቤት ብዙ ሰው ይገባል ይወጣል ብዬ። ስለዚህ በአባት ወንበር ንዋይን አስቀመጥኩት። ጓደኛህ ስለሆነ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ንዋይን ታውቀዋለህ፤ «ኢምፔሪያሊዝም» ሳይል ሻይ አይጠጣም። ማን እንደሚመጣ ስነግረው ኮቱን አውልቆ መልሶ ለበሰ።

«ጽጌ፣ ይኼ ነገር በታሪክ ያስጠይቀናል።»

«የሚጠይቀን ታሪክ ሳይሆን ዲና ናት» አልኩት። «ዝም ብለህ የነገርኩህን በል፤ ልጅቷ ገና ናት፣ ፈተናዋ አላለቀም፣ አባቷ አገር የለም፣ ጊዜ ስጡን በል።»

እንዲህ እንዲል ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ልብ በልልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። የሕንፃችን ሊፍት እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ እኛ ደግሞ ያለነው ላይ ነው። ሰር ሊዮናርድ በከዘራ ሁለት እርምጃ ይሄዱ እንደሆነ ነው። ባርኮት ደግሞ በወጉ ከሽማግሌ ጋር መታየት የለበትም። ታዲያ ምን ያድርግ? ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ተሸክሞ ደረጃውን አወጣቸውና፣ በር ላይ አስቀምጦ ሮጦ ወረደ። ንዋይ በበሩ ቀዳዳ ሲያይ ቆይቶ ዞር አለና፣

«አየሽ? ዛሬም በሰው ትከሻ!» አለኝ።

ሳቄን ውጬ በሩን ከፈትኩ። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ ትንሽ ሜዳይ አለች። ሽታቸው የሳሙና ነው። እንዲያ ሆነው ሳያቸው፣ ኃይሌ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልጠላ አልኩ። መጥላት ነበረብኝ? እኔ ገዥ ብዬ የማውቀው ክሮይደን፣ የስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ «ነገ ተመለሺ» ይለኝ የነበረውን ሰውዬ ነው። እኚህ እንደዚያ አይደሉም፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ፈርተው ቆመዋል።

ንዋይ «ተቀመጡ» አለ፣ ደረቅ ብሎ።

ጋሽ ዘውዴ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነዋ። ከዚያ ወደ ሰር ሊዮናርድ ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ፣ «ሰር፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ለእርስዎ ተፈቅዷል» ሲሏቸው ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባርኮት ነግሮኛል። ለማኝ ይቆማል። እኔ ዘንድ ሰዎች አቤት ሊሉ ሲመጡ ፀሐይ ላይ አቆማቸው ነበር፤ ግማሽ ቀን። አሁን እኔ ነኝ የምለምነው» አሉ።

ጋሽ ዘውዴ ጉዳዩን በጨዋ ደንብ አቀረቡ። «ልጃችሁን ለልጃችን፤ ልንዛመድ፣ አንድ ቤት ልንሆን ነው የመጣነው» አሉ። አነጋገራቸው ቢያምርም የሰር ሊዮናርድ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንዋይም ቶሎ ብሎ የነገርኩትን ደገመ። «ስለ ክብራችሁ እናመሰግናለን። ልጅቷ ግን ገና ናት፤ ፈተናዋ አላለቀም፣ አባቷም አገር የለም። ጊዜ ስጡን።»

ሰር ሊዮናርድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አለ?» አሉ። ጋሽ ዘውዴ ሊተረጉሙ ሞከሩ። የጋሽ ዘውዴ እንግሊዝኛ ለአውቶቡስ ይበቃል እንጂ ለሽምግልና አይሆንም፤ ሰውዬው አልሰማ አሉ። ደግመው ጮኹ። አልሰሙም። ይሄኔ ነው የወጥ ቤቱ በር ተከፍቶ የምትጠየቀዋ ልጅ ራሷ የወጣችው። አቤት ጉድ! ሽማግሌ ፊት! ቀይ ሹራቧን እንደለበሰች መጥታ ከሰውዬው ጆሮ አጠገብ ቆመችና ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ያን ሁሉ ወግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤

«አልደረሰችም ነው የሚሉት።»

«ማን?» አሉ።

«እኔ።»

«ማነው አልደረሰችም ያለው?»

ዲና ወደ እኔ አየች። «እናቴ።»

ኃይሌ፣ እንዲህ ሲባል ስሰማ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ያለው መሰለኝ።

ሰር ሊዮናርድ ሳቁ። ስድብ አይመስልም፤ የሚያውቁትን ሰው በድንገት መንገድ ላይ እንዳገኙ ሁሉ ነው የሳቁት። «ይቺን ቃል አውቃታለሁ» አሉ። «እኔ ነኝ የምጽፋት። በየዓመቱ ወደ ለንደን ሪፖርት እልክ ነበር። ሕዝቡ ገና ነው፤ ጥቂት ዓመት ያስፈልገዋል እላለሁ። ከእኔ በፊት የነበረውም እንዲሁ ጽፏል፤ ከእሱ በፊት የነበረውም። የእነሱን አውጥቼ ቀኑን ብቻ ነበር የምቀይረው።»

ዲና ለእኛ ወደ አማርኛ መለሰችልን፤ የጎደለውን ጋሽ ዘውዴ እየሞሉላት።

ንዋይ ጉልበቱን መታ። «ይኸው አመነ! በገዛ አፉ!»

«አንተ ሰውዬ ዝም በል፣ ሽምግልና ላይ ነን» አሉት ጋሽ ዘውዴ።

ሰውዬው አልሰሟቸውም፤ ዲናን ብቻ ነው የሚያዩት። «ያልደረስነው እኛ ነበርን» አሉ። «እኔ መሄጃ አልነበረኝም። እዚያ ትልቅ ግቢ ነበረኝ፤ ስገባ ሰው ሁሉ ይነሳል። እዚህ የነበረኝ እህቴ ቤት ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ታዲያ እንዴት ደርሰዋል ብዬ ልጻፍ?»

ዲና ይቺን ወደ አማርኛ አልመለሰቻትም። ዞራ አየችኝ። እኔ ግን እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ። ማንቆርቆሪያው ፈልቷል አልኩና ወጥ ቤት ገባሁ። ማንቆርቆሪያው ገና አልተጣደም ነበር።

ስመለስ ነገሩ ተበላሽቶ ጠበቀኝ፤ ወይ ተቃንቶ፤ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሰር ሊዮናርድ በመቆም ብዛት አእምሯቸው ሸሽቷል። ንዋይን «ሚስተር ፕራይም ሚኒስተር» እያሉ ይጠሩታል። እጁን ጨብጠውታል። «ቀኑን እናንተ ቁረጡ» ይሉታል። «ለንደን እስኪቆርጥላችሁ አትጠብቁ። ለንደን ሁልጊዜ ሌላ ሥራ አለው።» ንዋይ፣ ያ የአደባባዩ ንዋይ፣ ዘመኑን ሁሉ ኤምባሲ በር ላይ ሲጮህ የኖረው ሰውዬ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«የስ፣ ሰር!»

ከዚያ ደነገጠ። ፊቱ ቲማቲም ሆነ። በድንጋጤው ውስጥ ሆኖ «ለሁለት ሳምንት ቅዳሜ ይሁን» አለ። ቀጠሮ ተቆረጠ ማለት ነው። ሰር ሊዮናርድ «ታንክ ዩ፣ ፕራይም ሚኒስተር» ብለው ሶፋው ላይ ዝርግት አሉ፤ ጋሽ ዘውዴም ተቀመጡ። ንዋይ ሲወጣ ደረጃው ላይ ይዞኝ «ጽጌ፣ በእናትሽ ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎኛል። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩት። ለአልታየሽም ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን ማኅበር ላይ ካልሆነ በቀር አታወራም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዲናን «ለአባትሽ ልጻፍለትና መልሱን እንስማ» አልኳት።

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለችኝ። «አባዬ ሲሄድ አስፈቅዶን ነው? ፎር ዘ ኢሌክሽን ብሎ ሄደ፣ ቱ መንዝስ አለ። ኢሌክሽኑ አለቀ። አሁንማ የሚቀጥለው ሊደርስ ነው።»

«አባትሽ ነው። አገር ጉዳይ ይዞት ነው።»

«አገር?» አለች። የምትለው ነበራት፤ አየሁት፣ ከንፈሯ ላይ መጣ። ከዚያ ወደ እኔ አየችና ዋጠችው። «ኦኬ ማሚ፣ ጻፊለት» አለችና መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ሄደች። ያቺ ልጅ ክንዴን ከያዘችኝ ዓመታት ሆኗታል። የምታውቀውን ያህል እንደማውቅ አታውቅም፤ እኔም የማውቀውን ያህል እንደምታውቅ አላወቅሁም ነበር። እንዲህ እየተጠነቃቀቅን ነው የምንኖረው።

ሰኞ ፈረቃዬን ከአንዲት ፖላንዳዊት ጋር ተቀያይሬ ሰር ሊዮናርድን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቴ መጥተው የደከሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳልጠይቃቸው ብቀር ነውር ነው። ደግሞም፣ አልዋሽህም፣ የሆነ ነገር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።

ኮሪደራቸው ላይ የገዥዎቹ ፎቶ ተደርድሯል፤ ያቺን አገር ተራ በተራ የገዟት። አልታየሽ አቧራቸውን ስታራግፍ ኖራ ለሁሉም ስም አውጥታላቸዋለች። «ይኼ ሪዛሙ ነው፤ በጠመንጃ የገባው እሱ ነው። ይኼ ባለ ውሻው፤ መንደር አቃጥሏል ይላሉ፤ እሱን መጨረሻ ነው የምጠርገው። ይኼ ኮስታራው ደግሞ በየጎጆው ግብር የጣለው ነው። ይኼ ወፍራሙ፤ ክለብ ሠርቶ ጥቁር እንዳይገባ ያለው።» መጨረሻ ላይ ሰር ሊዮናርድ አሉ፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ የላባ ባርኔጣው ሰፍቷቸው።

«እኚህስ ምን አድርገዋል?» አልኳት።

አልታየሽ ጨርቁን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «አንዱን መምህር አስረውታል» አለች። «ነፃነት ሲል። ብዙ ነው ያሰሩት። በኋላ አገሩን የተረከባቸው እሱው ነው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«እና አንቺ እንዴት ነው የምታጎርሺያቸው?»

«እኔ እንጃ ጽጌ። አንዳንድ ቀን ማንኪያውን ይዤ ቀና ስል ሪዛሙ ሲያየኝ አገኘዋለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ልጄን ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን ባንድ ቀን አላስባቸውም።»

ኃይሌ፣ አንተ መምህር ነህ፤ ይኼን አስረዳኝ። ያን ምስኪን መምህር ሳስብ ልቤ ይጨክናል፤ «ልጄን በዚህ ሰው አፍ አላስጠይቅም» እላለሁ። ከዚያ ቤቴ መጥተው እግራቸው እየራደ አልቀመጥም ማለታቸው ትዝ ይለኛል፤ እነዚያን ፀሐይ ላይ ያቆሟቸውን ሰዎች እያሰቡ። ይበቃል? እኔ ለእነዚያ ሰዎች ሆኜ ይበቃል ማለት እችላለሁ? አልችልም። ግን ደግሞ ባርኮትን በእሳቸው ልቀጣው? ዘወር ባልኩ ቁጥር ሌላው ጎን ትክክል ይመስለኛል።

ሰር ሊዮናርድ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። አላወቁኝም። «የየትኛው ወገን ልዑክ ነሽ?» አሉኝ።

«የኬንቲሽ ታውን» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

በጣም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ላይ ያ የማላውቀው ጥያቄ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በዚህች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ «ሰር፣ መልቀቅ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ሲለቁ እንዴት ነበር?»

ዓይናቸውን ከደኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማየት ጀመሩ። «ሁሉ ነገር አልቆ ተጨባበጥን» አሉኝ። «ሙዚቃው እየተመታ ነው። ሰዉ ይጮኻል። እጄ አልለቅ አለ። ልለቀው ፈልጌያለሁ፣ እጄ ግን አልለቅ አለ። ሰውዬው ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ በግራ እጁ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። በትህትና። እንዳይታይብኝ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ።»

«ያሰሩት ሰውዬ?»

«አዎ፣ እሱ» አሉ። «በጣም ጨዋ ሰው ነበር።»

ሻይ አልጠጣሁም። አልታየሽ «ምነው?» ብትለኝ «ሥራ ይረፍድብኛል» ብዬ ወጣሁ። ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለች። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ለእሳቸው ነው እንዳልል ያ መምህር አለ። ለመምህሩ ነው እንዳልል እሱስ አሸንፏል። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ መሐረብ ሰጠችኝ፤ «ብሬክ አፕ?» አለችኝ፤ ተለያየሽ ወይ ማለቷ ነው። የስ አልኳት። ለምን የስ እንዳልኩ እንጃ።

እንግዲህ ወሬዬ ይኼ ነው። ይኼን ደብዳቤ የጀመርኩት ፈቃድህን ልጠይቅ ነበር። «ኃይሌ ምን ትላለህ? ልስጣት ወይስ ይቆዩ?» ልልህ። እስከዚህ ድረስም እሱን ልጽፍ ነው ብዬ ነው የመጣሁት። አሁን ቀና ብዬ ካላንደሩን ሳይ ቀጠሮው ከነገ ወዲያ በማግሥቱ ነው፤ ቅዳሜ። ከዚህ የተላከ ደብዳቤ አዲስ አበባ እስኪገባ፣ ከፖስታ ቤት ሳጥን እስክታወጣው፣ ዝቅ ቢል ሁለት ሳምንት ነው። ይኼን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቴምብሩን ስገዛ አውቀው ነበር። ስልክም ነበረ፤ አልደወልኩም። ስደውልልህ ደግሞ ልትቀሰቀስ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ አልጠይቅህም፤ እንድታውቀው ነው። ቅዳሜ ጋሽ ዘውዴና ሰር ሊዮናርድ ይመጣሉ። ሊፍቱ ካልተሠራ ልጆቹ ይሸከሟቸዋል። ንዋይን «ሰጥቻለሁ በል» ብዬዋለሁ። ሰር ሊዮናርድ ቤቴ የገቡት ይቅር ስለተባሉ አይደለም፤ ይቅር የምል እኔ አይደለሁም፣ ያቺ አገር ናት። የገቡት ልጁ ስለወደዳቸው ነው። ይኼ ትክክል ይሁን አይሁን አሁንም አልገባኝም። ምናልባት አንተ ትገልጸው ነበር፤ አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ሰሌዳ ላይ ለሁለት ከፍለህ ታስረዳ ነበር። እኔ ሰሌዳ የለኝም። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ዲና መድረሷ ነው። ከደረሰች ሰንብታለች። «አልደረሰችም» ያልኩት ይኼን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው አልደረሰም ነበርና ነው፤ እሱም ቢሆን አሁን፣ ቀስ እያለ፣ እየደረሰ ነው።

ሠርጉ ከፍልሰታ በኋላ ይሆናል። ጥሪ ይደርስሃል። ብትመጣ እንደ አባት ከፊት ትቀመጣለህ፣ ማንም ምንም አይልህም፤ እኔም አልልህም። ባትመጣም በጭብጨባው መሀል ስምህ ይጠራል፤ አባት ነህና። ብቻ ስትመጣ፣ ብቻህንም ሆነ ካለህ ሰው ጋር፣ እንደ እንግዳ ነው የምቀበልህ፤ እንግዳ እንደምቀበል ታውቃለህ።

ጨጓራህን ጠብቅ፤ በርበሬ አታብዛ። የገባህበትን ቤት እግዚአብሔር በሰላም ይጠብቅልህ፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ያሳድግልህ። እኛንም በያለንበት አይርሳን።

የዲና እናት
ጽጌ